ገመና መሸፈን እስከ የት ነው?

ባለፈው ዓመት ዝናቡ በገባ ሰሞን ከእኛ ከመምህራኑ መካከል አንዱ ታመመ። በመጀመሪያ እንቅልፍ አጣ፤ ቀጥሎ ምግብ ተወ፤ ከዚያም ማስተማሩን ትቶ ፊቱን ወደ ጭቃው ግድግዳ አዙሮ መዋል ጀመረ። ስንጠራው ይሰማል፥ ግን አይመልስም። በአንድ ቤት የምንኖር አራት ሰዎች ማታ ተሰብስበን መከርንና በአንድ ቃል ተስማማን፤ «ወባ ነው» እንበል ተባባልን። በጁባ ዙሪያ ወባ ይዞት የማያውቅ ሰው ከቶ ስለማይገኝ ይህን ቃል የሚጠራጠር አልነበረም። ለርእሰ መምህሩ ወባ ነው አልን፤ ለብሎክ መሪው ወባ ነው አልን፤ አጥሚት ይዘው የመጡትን እናቶችም ወባ ነው፥ ተኝቷል፥ እያልን ከደጅ መለስናቸው። የስድስተኛ ክፍል ሒሳቡን ተራ እየገባን አስተማርንለት።

ሦስት ወር ያህል እንዲህ ቆየን። እውነቱን ለመናገር ኮርተን ነበር። የወንድማችንን ገመና ከተትን፥ ስሙ በሰው አፍ አልገባም ብለን ማታ ማታ እርስ በርሳችን እንመሰጋገን ነበር። አንድ ሌሊት ግን ራሱን ሊያጠፋ ሲል ደረስንበት። የደረስንበትም ነቅተን ስለምንጠብቀው አይደለም፤ ከመካከላችን አንዱን ሆዱን አሞት ወደ ውጭ በመውጣቱ ነው።

ይህ ሰው ዛሬ ሕክምና አግኝቶ፥ ተሽሎት፥ ከእኛው ጋር ይኖራል። ይህን እንድንጽፍ ፈቅዶልናል፤ አንብቦም ሁለት ቦታ ላይ አርሞናል። ለመጻፍ ያነሣሣን ግን ከተሻለው በኋላ አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን ሳለ የጠየቀን ጥያቄ ነው። «ወባ ነው ያላችሁት ለእኔ ብላችሁ ነው ወይስ ለእናንተ?» አለን። መልስ አልነበረንም። አሁንም ሙሉ መልስ አለን አንልም፤ ነገሩን ግን በዚህች ወረቀት ላይ ከእናንተ ጋር ልናወጣ ልናወርደው ፈለግን።

ገመና መሸፈን በእኛ ዘንድ ታላቅ ምግባር ነው። የሰው ገመና የሚከት ሰው ጨዋ ይባላል፤ የሚያወጣ ሰው ግን ከሌባ አይሻልም። ይህን ያስተማረን ቤተሰብ ብቻ አይደለም። ሃይማኖቶቻችንም ይህንኑ ይሉናል። በእስልምና የወንድሙን ነውር መሸፈን የሚያስመሰግን ተግባር ነው። በኦሪት ዘፍጥረትም ኖኅ ሰክሮ ራቁቱን በድንኳኑ ውስጥ በተኛ ጊዜ ካም አይቶ ለወንድሞቹ አወራ፤ ሴምና ያፌት ግን ልብስ በጫንቃቸው ላይ አድርገው የኋሊት እየሄዱ፥ ፊታቸውን ሳያዞሩ፥ የአባታቸውን ዕርቃን ሸፈኑ። ከልጅነታችን ጀምሮ ሴምና ያፌትን እንድንመስል ተነግሮናል፤ መባሉም ተገቢ ነው።

ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። የኋሊት የሚሄድ ሰው የሚሸፍነውን አያይም። ኖኅ ሰክሮ ነበርና ጧት ነቃ። ታሞ ቢሆን ኖሮስ? ልጆቹ ልብሱን ጥለውበት የወጡት ትኩሳት ይዞት፥ ትንፋሽ አጥሮት ቢሆን ኖሮስ? እኛ ያደረግነው ይህንን ነው። ሦስት ወር ሙሉ የኋሊት ሄድን።

ለምን እንዲህ እንደምናደርግ ስንጠይቅ በመጀመሪያ የምናገኘው የቃል ችግር ነው። በቋንቋችን አንድ ሰው ወይ ጤነኛ ነው፥ ወይ «ለየለት»። አበደ፥ ወፈፍ አደረገው፥ ጨርቁን ጣለ እንላለን፤ ከዚያ በመለስ ላለው ሰው፥ ሥራውን እየሠራ ውስጡ ለሚቃጠለው ሰው፥ ያለን ቃል ጥቂት ነው። የሆስፒታል ስም ሳይቀር ስድብ አድርገነዋል። አዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል በኢጣልያ ወረራ ዘመን ተቋቁሞ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ለመላ ሀገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ ቆየ። ስንት ሰው አክሞ ወደ ቤቱ እንደ መለሰ እያወቅን፥ «አማኑኤል ይግባ» ማለት በእኛ ዘንድ መሳደቢያ ነው። የአእምሮ ሐኪሞችን በሀገር ውስጥ፥ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፥ በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን የተጀመረውም በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። ሐኪሙን የማያይ ሕዝብ ሕመሙን እንደ ሕመም ቢቆጥር ነበር የሚገርመው።

የኀፍረቱንም መጠን የለኩት አሉ። በቡታጅራ አካባቢ በከባድ የአእምሮ ሕመም የተያዙ ሰዎችን ቤተሰቦች፥ ቁጥራቸው 178 የሆኑ ዘመዶችን፥ ጠይቀው ተመራማሪዎች በ2001 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት አለ። ከመቶ 75ቱ በሕመሙ ምክንያት መገለል እንደ ደረሰባቸው ወይም እንደሚሰማቸው ተናገሩ። ከመቶ 37ቱ ደግሞ በቤታቸው ሕመምተኛ መኖሩን መደበቅ እንደሚፈልጉ ገለጡ። ልብ በሉ፤ እነዚህ የታመሙት አይደሉም። የታመመው ሰው ወንድም፥ እናት፥ ሚስት ናቸው። የወዳጃችን ጥያቄ ወደዚህ ነው የሚያመለክተው። የምንሸፍነው የማንን ገመና ነው?

ሁለተኛው ነገር ሆድ ነው። ያልጠበቃችሁት ይሆናል፤ ግን ታገሡን። እኛ ኀዘናችንንም፥ ቂማችንንም፥ ፍቅራችንንም የምናስቀምጠው በሆዳችን ነው። ሆዴ ባባ፥ ሆዴ ተረበሸ፥ ሆደ ሰፊ ነው፥ ሆድ ይፍጀው እንላለን። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በሱዳን በኩል አቋርጠው እስራኤል የገቡ ወጣት ቤተ እስራኤላውያን መካከል ምግብ አልወርድ ያላቸው ነበሩ። የእዚያ ሀገር ሐኪሞች ለመቅጠን ሲሉ የሚራቡ ሴቶች ልጆች ሕመም መሰላቸው። ጋዲ ቤን ኤዘር የሚባል የሥነ ልቡና ባለሙያ ግን ነገሩን መርምሮ፥ ሆድ ለኢትዮጵያዊ የስሜት ማኅደር እንደሆነ፥ በመከራ የተሞላ ሆድ ደግሞ ለእህል ቦታ እንደማይተርፈው በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ አስረዳ። የእኛም ወዳጅ ምግብ የተወው በሁለተኛው ሳምንት ነበር። እኛ የሆድን ቋንቋ ከእናታችን የተማርን ሰዎች የጨጓራ ኪኒን ገዛንለት።

ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። በ1980 እ.ኤ.አ. አርተር ክላይንማን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በቻይና ሁናን ክፍለ ሀገር «የነርቭ ድካም» አለባቸው ተብለው የሚታከሙ 100 ሰዎችን መረመረ። ሰዎቹ የሚያወሩት ስለ ራስ ምታት፥ ስለ እንቅልፍ ማጣት፥ ስለ ማዞር ነበር። ከእነርሱ 87ቱ ግን ሕክምና ከባድ ድብርት የሚለው ሕመም ያለባቸው ሆነው ተገኙ። የአካል ሕመም አያሳፍርም፤ የልብ ሕመም ግን ያሳፍራል፤ ስለዚህ ልብ በራስ ምታት በኩል ይናገራል። ቻይናውያን ወደ አሜሪካና ወደ ሌላ አገር ሲሰደዱም ይህንኑ ይዘው ሄዱ፤ ቤተሰብ ፊት እንዳያጣ ተብሎ ሕመምተኛው ከሐኪም ይሰወራል። እነርሱ ፊት ይሉታል፥ እኛ ስም እንለዋለን።

ከራሳችን ሰዎች የቶሮንቶዎቹን እንመልከት። በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ የሚኖሩ 342 ኢትዮጵያውያን ተጠይቀው በ2004 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት፥ በሕይወት ዘመናቸው በድብርት የተያዙት ከመቶ ወደ 10 የሚጠጉ ሆኑ፤ ይህም በሀገር ቤት ከተገመተው ሦስት እጥፍ ያህል ነው። በዚያ አገር ሐኪም ቤት በየሰፈሩ አለ። ሆኖም ለእንዲህ ያለ ችግር ወደ ሕክምና ባለሙያ የሄዱት ከጠቅላላው ከመቶ 5ቱ ያህል ብቻ ሲሆኑ፥ ከሕክምና ውጭ ወዳሉ ሰዎች የሄዱት ይበልጣሉ። እንግዲህ ሐኪም ቤት መኖሩ ብቻውን መንገዱን አይከፍተውም ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እንዳንሠራ እንጠንቀቅ። የተማርን ነን የምንል ሰዎች ወዲያው «ሕዝቡ አላወቀም፥ ይንቃ» እንላለን። በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ የሥነ ልቡና ትምህርት ተምረናል። የፓቭሎቭ ውሻ ደወል ሲሰማ ምራቁን እንደሚያዝረበርብ ዛሬም አንረሳም፤ በፈተና መጥቶልናል። ግን ማወቃችን ምን አደረገ? «ወባ ነው» ያልነው እኛው የተማርነው ነን። ስለዚህ ነገሩ የዕውቀት ማነስ ብቻ አይደለም። የሚደብቅ ሰው ምክንያት አለው፤ ምክንያቱንም ንቀን ልናልፈው አይገባም።

አንደኛው ምክንያት አስተርጓሚ ነው። በካምፕ ክሊኒኮች የሚሠራው ባለሙያ እንግሊዝኛና የጁባ ዐረብኛ ያውቃል፤ እኛ ደግሞ አማርኛ፥ አኙዋክኛ፥ ኦሮምኛ እንናገራለን። በመካከል የሚቆመው ከእኛው አንዱ ነው፤ የጎረቤት ልጅ፥ የአበልጅ ወንድም ነው። አንዲት እናት በአንድ ክሊኒክ ጧት ለባለሙያው የተናገረችውን፥ ባሏን በመንገድ ላይ እንዴት እንዳጣችው፥ ማታ ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ ከሌላ ሴት አፍ ሰማችው። ከዚያን ቀን ወዲህ ሲታመሙ «ራሴን ነው» ብቻ የሚሉ ሴቶች በዝተዋል። ይህች እናት አላዋቂ ናት እንበል? እርስዋ ከእኛ ይልቅ የምታውቀው ነገር አለ፤ የተነገረ ነገር እንደማይመለስ ታውቃለች።

ሁለተኛው ፕሮሰስ ነው። «ራሱን ያመዋል ተብሎ ፋይል ላይ ከተጻፈ ኬዙ ይዘጋል» የሚለውን ወሬ ያልሰማ በመካከላችን የለም። የአሜሪካ የስደተኞች ቅበላ በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ከታገደ ወዲህ ነገሩ ለብዙዎቻችን የሩቅ ሕልም ቢሆንም ወሬው ግን አልታገደም። እውነቱ እንዲህ ነው፤ በዚያ ሀገር ደንብ የሚያግደው ድብርት ወይም ጭንቀት ተብሎ መመዝገቡ አይደለም። የሚያግደው ከሕመሙ ጋር የተያያዘ፥ ራስን ወይም ሰውን የሚጎዳ ጠባይ ሲኖር ነው፤ ይህም ቢሆን ለስደተኛ በልዩ ፈቃድ ሊታለፍ የሚችል ነው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን መሥሪያ ቤትም ለሠፈራ ከሚያቀርብባቸው ምድቦች መካከል የሕክምና ችግር ያለባቸውና ከሥቃይ የተረፉ ሰዎች ይገኙባቸዋል። ስለዚህ ሳይታከም ቆይቶ እስከዚያች ሌሊት የደረሰው ወዳጃችን፥ ለፋይሉ ተብሎ ቢሆን ኖሮ እንኳ፥ የተጎዳው በመደበቁ ነው።

ሦስተኛው ሕክምናው ራሱ ጥቂት መሆኑ ነው። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2016 እ.ኤ.አ. «ልባችን ጨልሟል» የሚል ርእስ ሰጥቶ ባወጣው ዘገባ፥ በዚያን ጊዜ በመላ ደቡብ ሱዳን ይሠሩ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች ሁለት፥ በጁባ ማስተማሪያ ሆስፒታል የነበረው የአእምሮ ሕሙማን ክፍልም 12 አልጋ እንደ ነበር ጽፏል። ቦታ በመጥፋቱ በጁባ ማዕከላዊ ወህኒ ቤት ውስጥ የተያዙ 82 ሕሙማን ነበሩ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የወንጀል መዝገብ እንኳ አልነበራቸውም። እኛ እንግዶች ብቻ አይደለንም ማለት ነው፤ ባለ አገሩም ከእኛ የከፋ ጦርነት አሳልፎ ያው ችግር አለበት። ሕክምና ፍለጋ ለሚሄድ ሰው ወህኒ ቤት መኖሩን የሰማ ዘመድ ሕመምተኛውን ቢደብቅ በምን እንፈርድበታለን?

ስለ ጸሎትና ስለ ጠበልም አንድ ነገር ማለት አለብን፤ ምክንያቱም ዝም ብንል «እነዚህ መምህራን ሃይማኖት ሊያስጥሉን ነው» የሚል አይጠፋም። ከላይ በጠቀስነው በቡታጅራው ጥናት ከዘመዶቹ ከመቶ 65ቱ የሚመርጡት መፍትሔ ጸሎት ነበር። እኛም ጸልየናል። ጸሎት ሕክምናን አይከለክልም። በ2007 እ.ኤ.አ. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒት መውሰድና ጠበል መጠመቅ እንደማይጣረሱ በይፋ ተናግረው ነበር፤ ከዚያ በፊት ጠበሉን ብለው መድኃኒቱን የተዉ ብዙዎች ነበሩና ቃሉ ሕይወት አድኗል። ለአእምሮ ሕመም ተመሳሳይ ቃል ከየሃይማኖቱ አባቶች ብንሰማ ምንኛ ደስ ባለን። ሰውን በሰንሰለት አስሮ መጸለይ ግን ከጸሎት አንቆጥረውም፤ በዚህ አንደራደርም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ገመና መሸፈን ይቅር አንልም። ሁሉ ነገር በአደባባይ ይነገር የሚሉ አሉ፤ ይህ በሸራና በሸምበቆ ለተከለለ፥ ሳል እንኳ ከቤት ወደ ቤት ለሚሰማበት መንደር አይሆንም። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው ብለን እናምናለን። መሸፈን ሰውየው እያወቀ፥ እየፈቀደ፥ ልብሱን ራሱ እየያዘ የሚደረግ ነገር ነው። መደበቅ ግን ከራሱ ከሰውየው ጭምር ነው። እኛ ሦስት ወር ሙሉ «ምን እንበል?» ብለን ለጎረቤት መልስ ስንፈልግ፥ አንድ ቀን እንኳ አጠገቡ ተቀምጠን «አንተስ ምን ይሰማሃል? ለማን እንንገርልህ?» አላልነውም። ቢጠየቅ ኖሮ ምን ይል እንደ ነበር ጠየቅነው። «እንጃ፤ ምናልባት ምንም አልል ነበር። ግን መጠየቄን እሰማ ነበር» አለን።

ጥሩ ሐኪምም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ምስጢር መጠበቅ የሙያው መሐላ ነው፤ ስለዚህ ገመና ከታች መሆን ከሕክምና ጋር የሚጋጭ ባህል አይደለም፥ እንዲያውም የሕክምናው መግቢያ በር ሊሆን ይችላል። አስተርጓሚው ከሌላ ብሎክ ቢሆን፥ ሕመምተኛው አስተርጓሚውን ራሱ ቢመርጥ፥ አስተርጓሚውም በሽማግሌ ፊት ምስጢር ላያወጣ ቃል ቢገባ ገንዘብ አይጠይቅም። በእኛ ዘንድ በሽማግሌ ፊት የተገባ ቃል ከተፈረመ ወረቀት ይበልጥ ይፈራል።

በዚምባብዌ በሐራሬ ከተማ አንድ ሐኪም፥ ዲክሰን ቺባንዳ፥ በ2006 እ.ኤ.አ. 14 አያቶችን አሠልጥኖ በክሊኒክ ግቢ ውስጥ በእንጨት አግዳሚ ላይ አስቀመጠ። የመጣው ሰው «ድብርት» አይባልም፤ በሾና ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ» ይባላል፤ ሐሳብ መብዛት ማለት ነው። እኛም «ሐሳብ በዝቶበት ነው» እንል የለም? አያቶቹ ሰውየው ካሉበት ችግሮች አንዱን እንዲመርጥና መፍትሔ እንዲፈልግለት ያግዙታል። በ573 ሰዎች ላይ ተፈትኖ በ2016 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት፥ ከስድስት ወር በኋላ በአያቶቹ የታገዙት የተለመደውን አገልግሎት ብቻ ካገኙት እጅግ ተሽሏቸው ተገኙ። አንዳንድ ወዳጆቻችን ይህን ሲሰሙ «የእኛ ቡና ምን አነሰው?» ብለዋል። በእኛ በኩል እንጠራጠራለን። የውኃ ቀጂዋ እናት ወሬ የተነዛው በቡና ላይ ነው። የሐራሬ አያቶች የሠለጠኑ ናቸው፤ የሰሙትን አያወሩም፤ ከአቅማቸው በላይ የሆነውንም ወደ ሐኪም ያሳልፋሉ። በካምፓችን እንዲህ ያሉ እትዬዎች ስንት እንዳሉ አንባቢ ራሱ ያውቃል፤ እኛ ሦስት ቆጥረናል።

ወዳጃችን በጁባ ሁለት ወር ያህል እየተመላለሰ ታከመ። ለቦዳ ቦዳው እየተዋጣን፥ አንዳንዴም በእግር እየሸኘን አደረስነው። መድኃኒቱን ዛሬም ይወስዳል፤ ክኒኑ አፉን እንደሚያደርቀው፥ ሌሊት ውኃ እንደሚያስጠማው ይናገራል። ወደ ክፍሉ በተመለሰ በመጀመሪያው ቀን እኛ ከውጭ፥ ከሸራው ጀርባ፥ ቆመን እናዳምጥ ነበር፤ ይህም መልካም ልማድ እንዳልሆነ እናውቃለን። አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «መምህር፥ ወባው ለቀቀዎት?» አለው።

«ወባ አልነበረም» አለ። «ሐሳብ ታምሜ ነበር። አሁን መድኃኒት እየወሰድኩ ነው።»

ልጆቹ ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ ሌላው ተማሪ እርሱ በሌለበት ጊዜ ክፍልፋይ እንዳልገባቸው፥ ያስተማሯቸው መምህራን ቶሎ ቶሎ እንደሚሄዱባቸው ተናገረ። ጠመኔውን አነሣና ከመጀመሪያው ጀመረላቸው።